ኖራ የሌለበት መዳፍ

ዘሀራ ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ዶክተር እንደሻው መጀመሪያ የሚያየው መዳፋቸውን ነበር። ከፈላና በር ወደ ቤታቸው የሚያስገባው የሐረር ጀጎል መንገድ ጠባብና ቁልቁለታም ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግድግዳ ሳይደገፍ አይሄድበትም። ግድግዳው ደግሞ ኖራ የተቀባ ነው። ክትትል በጀመሩበት ዓመት ቀኝ መዳፋቸው ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ ይመጣ ነበር። እንደሻው የደም ግፊታቸውን ከመለካቱ በፊት በእርጥብ ጥጥ ይጠርግላቸዋል፤ እሳቸውም «ቤቴን ሳልቀባ እጄን ቀባሁት» እያሉ ይስቁ ነበር።

አሁን መዳፋቸው ንጹሕ ሆኖ መምጣት ከጀመረ ሰነባብቷል። እንደሻው ይህን አይቷል። ነገሩ ጥሩ ስለነበረ ግን አላሰበበትም።

የክንዱን ማሰሪያ ነፋ፣ ቀስ ብሎ አስተነፈሰ፣ በማዳመጫው አደመጠ። ጥቂት ጠብቆ ደገመ። ከዚያ በሌላኛው ክንድ ለካ። ሁለት መቶ በመቶ አሥራ አምስት።

«ስንት ሆነ?» አሉ ዘሀራ።

«ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«ባለፈውም ትንሽ ከፍ ብሏል አልከኝ። ይሄ ትንሽ ትንሽ ከፍ የሚለው ነገር አንድ ቀን ሰማይ አይደርስም?»

የክፍሉ ነርስ ሰገነት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቀች። እንደሻው አልሳቀም። አጎንብሶ የዘሀራን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ኪኒኑን እየዋጥሽ ነው?»

«ለይላ ፊቴ ቆማ ታስውጠኛለች፤ አፌንም አስከፍታ ታያለች። እስረኛ ነኝ እኮ።»

«ጫት?»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ቅጠሉን ነክቼው አላውቅም፤ አንተም ታውቃለህ።»

«ጨው?»

«እንኳን ጨው፣ ጣዕም የሚባል ነገር ከቤቴ ወጥቷል።»

«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት የለም?»

«ያንተው ሦስቱ መች አነሱኝና ሌላ እፈልጋለሁ!»

እንደሻው ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒን መጠን እጥፍ አድርጎ ጻፈላቸው። ከዚህ በላይ ሊጽፍ የሚችለው ነገር ብዙ አልቀረውም።

በሆስፒታሉ ውስጥ አሮጊትን «አንቺ» የሚል ሐኪም እሱ ብቻ ነበር፤ የሚለውም ለዘሀራ ብቻ ነው። እናቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ እሱን በወለዱ ሰሞን ትኩሳት ይዟቸው ጡታቸው ደረቀ። ዘሀራ ያኔ አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤት ነበሩ፤ ልጃቸውን ለይላን ያጠቡ ነበር። ሕፃኑን ተቀበሉና አንዱን ጡት ለለይላ፣ አንዱን ለእሱ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ እንደሻው መስቀልን በአንዱ ቤት፣ ዒድን በሌላው ቤት የሚያከብር ሰው ሆነ። ለይላ እህቱ ናት፤ ዘሀራም እናቱ ናቸው፤ በሐረር ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሐረር ወጥቶ ጀርመን አገር የተማረው ስለ ስብ ነበር። ሰውነት ከሚበላው ስብ ቆርጦ የሚሠራቸው፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ መልእክተኞች አሉ። ዕድሜያቸው ደቂቃዎች ቢሆን ነው፤ ተሠርተው፣ ያዘዙትን አዝዘው ይጠፋሉ። ኩላሊት ውስጥ ደም ሥር ሲጠብ «ክፈት» የሚሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከጠፉ ደም ሥሩ እንደጠበበ ይቀራል፣ ኩላሊቱ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ግፊት ይወጣል። ይህን በጥንቸሎች ላይ አይቶታል። ጥንቸሎቹን ዓመታት ሙሉ በእጁ መግቧል፣ ግፊታቸውን ለክቷል፣ በመጨረሻም ኩላሊታቸውን አውጥቶ መዝኗል።

በ1979 ዓመተ ምሕረት፣ በጀጎል ውስጥ የጀመረውም ጥናት ከዚሁ የመጣ ነው። በዘሀራ ሰፈር ያሉ አሮጊቶች ግፊት ባልታወቀ ምክንያት እየወጣ ነበር። አንዷ በረመዳን ውስጥ የጾሙን የሌሊት ማዕድ፣ ሱሑርን፣ እያዘጋጁ ወድቀው አልተነሡም። ሌላዋ አፋቸው ተጣምሞ ቀኝ እጃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰው ሁሉ ጫት ነው አለ፤ ሁለቱም ሴቶች ግን አይቅሙም ነበር። እንደሻው ደግሞ ዘይቱን ጠረጠረ። ቀበሌው በራሽን የሚያድለው ዘይት ተቀይሯል፤ የድሮው የሰሊጥና የኑግ ዘይት ቀርቶ በቆርቆሮ የሚመጣ፣ እንደ ውሃ የጠራ ዘይት ሆኗል። ምናልባት አዲሱ ዘይት መልእክተኞቹ የሚሠሩበት ስብ ይጎድለው ይሆናል። መልእክተኞቹን ራሳቸውን የሚለካ መሣሪያ ሐረር ውስጥ አልነበረም፤ ዘይቱን ግን በጠርሙስ መሰብሰብ ይቻላል።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የግፊት መለኪያውንና ባዶ ጠርሙሶቹን ይዞ ዘሀራ ቤት ገባ። የሴቶቹ አፎቻ የተሰበሰበበት ቀን ነበር። አፎቻ በሠርግም በሐዘንም የማይለያዩ ጎረቤቶች ማኅበር ነው፤ የአንዷ ሐዘን የሁሉም ሐዘን፣ የአንዷ ድርሻ የሁሉም ድርሻ ነው። ሴቶቹ ከፍና ዝቅ ባሉት መደቦች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተደርድረዋል።

«ዘይት ለቃሚው መጣ!» አለች አንዷ። «ድስታችሁን ደብቁ!»

«ሚስት አጥቶ እኮ ነው። ወጥ የሚሠራለት ስለሌለ ዘይታችንን እየዞረ ይቀላውጣል።»

«ለይላን እንዳንድርለት እህቱ ሆነችበት፤ ጡቱን ቀድሞ ባይጠባ ኖሮ!»

«ያኔ ማን ጠይቆኝ ጠባሁ?» አለ እንደሻው፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከላይኛው መደብ ያልሳቁት ሐጃ መርየም ብቻ ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት መካ ደርሰው መጥተዋል፤ አፎቻውን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። «ተውት» አሉ። «ልጁ ሥራውን ይሥራ። ክንዳችሁን ስጡት።»

እንደሻው ከዳር ጀምሮ ለካ። ከወጣቶቹ በቀር የሁሉም ግፊት ከፍተኛ ነው። የሁሉም ቁርጭምጭሚት ጣት ሲጫነው ይጎደጉዳል። እያንዳንዷን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ጫት፣ ጨው፣ ዘይት፣ መድኃኒት። መድኃኒት የሚወስድ አልነበረም።

ሲወጣ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ሴቶቹ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠው፣ ሲነሡ አንዳቸውም አላቃሰቱም። በዚያ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ከመደብ ላይ እንደ ልጃገረድ ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ።

በማግሥቱ እናቱን ወይዘሮ ወለተሥላሴን ለካቸው፤ ደህና ናቸው። በዚያው ቀበሌ የሚኖሩ የእናቱን ጓደኞች ለካ፤ ደህና ናቸው። ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ወርዶ ከደጋ ማሽላና ሽንኩርት ይዘው የሚመጡትን ገበሬ ሴቶች እየለመነ ለካ፤ ከአንዲቱ በቀር ደህና ናቸው። የገበሬዎቹ ዘይት ሌላ ሊሆን ይችላል። እናቱና ዘሀራ ግን በአንድ ቀበሌ ሱቅ፣ በአንድ ሰልፍ፣ ከአንድ ቆርቆሮ የተቀዳ ዘይት ነው የሚበሉት።

«ዘይቱ አይደለም» አላት ሰገነትን።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። አንድ ነገር እነዚያ ቤቶች ውስጥ ይገባል። ሌላው ቤት አይገባም።»

ሰገነት አማተበች። «እንዲህ እያልክ አታስፈራኝ፣ ዶክተር። የጅብ ወሬ አስመሰልከው።»

«ጅብ ቢሆን ዱካ አለው» አለና ጠርሙሶቹን ከመደርደሪያው አንሥቶ ከጠረጴዛው ሥር ከተታቸው።

ለይላ ወደ ሆስፒታሉ እየሮጠች የመጣችው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሻሽዋ አንገቷ ላይ ወርዷል።

«እማ ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። የሚጠጣውን ትጠጣለች፤ ሽንት ግን የላትም። ፊቷን ብታየው አታውቃትም።»

አልጋ አልነበረም። ከግንባር የመጡ ቁስለኞች ኮሪደሩን ሳይቀር ሞልተውታል። እንደሻው ከለይላ ጋር የፈረስ መጋላን አደባባይ አቋርጦ ሄደ፣ ደም ቀዳ፣ ራሱ ወደ ላቦራቶሪ መልሶ አስመረመረ። ኩላሊት ከደም ውስጥ ማውጣት የሚገባው ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ደም ውስጥ ተከማችቷል። የኩላሊትን ሥራ ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ በዚህ ሆስፒታል የለም፤ ድሬዳዋም የለም፤ አዲስ አበባም ቢሆን የለም። ኩላሊቱ ራሱ ካልተመለሰ ዘሀራ ይሞታሉ። ይህንን ያወቀው እሱ ብቻ ነው።

ቤት ሲመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ዘሀራ ታችኛው መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው ተኝተዋል። ፊታቸው አብጧል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«መጣህ? ስንት ሆነ እንዳልልህ። ትንሽ ከፍ ብሏል ትለኛለህ።»

«ዛሬ አለካም» አለ። «ያዘዝኩልሽንም ኪኒኖች ለጊዜው አቁሚ። ውሃ የሚያስወጣውን በተለይ።»

«አልሐምዱሊላህ። እስረኛ ተፈታች።» ከዚያ ወደ ለይላ ዞሩ። «ልጄ፣ የዐስር ሰላት ሳይደርስ በረካዬን አቀብይኝ። ተነሥቼ ልስገድ፤ ጉልበቴ እንዳይዘኝ።»

ለይላ ግድግዳው ውስጥ ከተቆረጠው መደርደሪያ አንዲት በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ቆርቆሮና አንድ ስኒ አወረደች። ስኒው ውስጥ የዘምዘም ውሃ በጥቂቱ ቀዳች። ዘሀራ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ከፍተው በለሆሳስ ዱዓ አደረጉ፤ ቢስሚላህ አሉ። በጣቶቻቸው መካከል አንድ ነገር ይዘዋል።

«ቆይ» አለ እንደሻው። «እማ፣ ቆዪ። ምንድን ነው እሱ?»

ከጣታቸው ተቀበላቸው። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ነጭ የሆነ ፍሬ ነው፤ ላዩ ላይ በላቲን ፊደል ስሙ ታትሟል። ስሙን ከማንበቡ በፊት አወቀው። ይህን የመሰለ ፍሬ በጥፍሩ እየከፈተ፣ ዱቄቱን ከጥንቸሎቹ መኖ ጋር ሲለውስ ኖሯል። ኢንዶሜታሲን። ሰውነት ከስብ መልእክተኞቹን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት። ጥንቸሎቹን የሚያሳምማቸው እሱ ነበር፤ ግፊታቸው የሚወጣው፣ ኩላሊታቸው የሚዘጋው በእሱ ነበር።

«ሌላ መድኃኒት አልወስድም አላልሽኝም?»

«አልወስድም!» አሉ ዘሀራ፤ ተቆጥተዋል። «ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ? ሐጃ መርየም ከመካ ያመጣችው በረካ ነው።»

ለይላ ነገሩን ነገረችው። ሐጃ መርየም መካ ሲደርሱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ከሐጃጆቹ ክሊኒክ ይህን ሰጧቸው፤ በዘምዘም ውሃ ዋጡት፤ ተነሥተው ካዕባን ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ጅዳ ያሉ ዘመዶቻቸው በሚመጣ ሰው ሁሉ ይልኩላቸዋል። እሳቸውም ለብቻቸው አይበሉትም። በአፎቻ ቀን፣ ከዱዓ በኋላ፣ ለአሮጊቶቹ ከዘምዘም ጠብታ ጋር ያካፍላሉ፤ ለየቤታቸውም ድርሻቸውን ይሰጣሉ። ለክርስቲያን ጎረቤት አይሰጥም፤ ከንፉግነት ሳይሆን የመካ ነገር ስለሆነ ነው።

እንደሻው ፍሬውን መዳፉ ላይ አገላበጠው። ሴቶቹን አንድ በአንድ ስለ መድኃኒት ጠይቋል፤ ሁሉም እውነቱን ነው የመለሱለት። መድኃኒት ከሆስፒታልና ከፋርማሲ ይመጣል፤ ይህ ግን የመጣው ከተቀደሰ ቦታ ነው። «ምን ትውጣላችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። እሱ ራሱ ደግሞ ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒን እጥፍ አደረገ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ኩላሊትን ከሁለት ወገን ያንቃሉ። ጀርመን አገር ይህንን ለፈተና ጽፎት ነበር።

ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠና በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳቸው። «ሥጋሽ ከምትበዪው ስብ ጥቃቅን መልእክተኞች ይሠራል። ኩላሊትሽን ክፈት የሚሉት እነሱ ናቸው። ጉልበትሽ ላይ ደግሞ አመመኝ ብለው የሚጮኹት እነሱው ናቸው። ይህ ፍሬ የጉልበቱን ጩኸት ዝም ሲያሰኝ የኩላሊቱንም ዝም አሰኘው። ጉልበትሽ ሲድን ኩላሊትሽ ታነቀ።»

«ታዲያ አሁን?»

«አሁን ታቆሚያለሽ። ካቆምሽ ኩላሊቱ ሊመለስ ይችላል። ግን ጉልበትሽ ያምሻል፤ ከበፊቱ ይብሳል። ሲያምሽ ደስ ይበልሽ፤ መልእክተኞቹ ተመለሱ ማለት ነው። የሚያስፈራኝ ሳያምሽ ሲቀር ነው።»

ዘሀራ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «አላህ ያሳይህ» አሉ። «ልጄን አጥብቼ አሳደግኩት፣ በስቃይሽ ደስ ይበልሽ አለኝ።»

ሐጃ መርየም ቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር የተቀበሉት። አስገቡት፣ አስቀመጡት፣ እስኪጨርስ ሳያቋርጡ አዳመጡት።

«መካ ላይ መርዝ ይሰጣል ነው የምትለኝ?»

«አላልኩም፣ ሐጃ። የሰጠዎት ሐኪም ለጥቂት ቀን ነው የሰጠዎት። ውሃውም ዱዓውም ማንንም አልጎዳም። የጎዳው ፍሬው ነው፤ ያውም ሲዘወተር።»

«እኔ ካዕባን ሰባት ጊዜ የዞርኩት በዚህ ጉልበት ነው፣ ልጄ። ዘሀራ ግድግዳ ለግድግዳ ስትሳብ የነበረችውን ማን አቆማት? የመካው አቆማት፣ የጀርመኑ አስተኛት። እስቲ አንተው ፍረድ፤ የቱን ልመን?»

«ክንድዎን ይስጡኝ።»

ሰጡት። ሜርኩሪው ሲወጣ እሳቸውም እያዩ ነበር። የወጣበት ቦታ ላይ ሲቆም ማሰሪያውን ፈታ።

«የዘሀራም እንዲህ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

«እንዲህ ሆኖ ነው የጀመረው።»

ሐጃ መርየም ተነሥተው ከመደርደሪያቸው ቆርቆሮውን አወረዱ። አልሰጡትም፤ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ዘሀራ ከእጄ አትወስድም። ወላሂ ቃሌ ነው። ለሌሎቹ ግን አንተ አትናገር። ክርስቲያን መጥቶ የመካን በረካ አጣጣለ ከተባለ እኔም ላድንህ አልችልም። በአፎቻ ቀን እኔው አወጣዋለሁ፤ በወጉ።»

እንደሻው አሰበ። የሚሞተው ሰው ዘሀራ ናቸው፤ የሚሰጠው እጅ የሐጃ መርየም ነው፤ እጁ ከተዘጋ በሩ ተዘጋ። ሌሎቹ እስከ አፎቻ ቀን ይቆያሉ። እሺ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሐጃ መርየም እስከ ውጭው በር ሸኙት፤ በቁልቁለቱ ላይ ሲወርዱ ግድግዳ አልነኩም።

ሕመሙ ዶክተሩ እንዳለው መጣ። መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ የእጅ አንጓዎች፣ ከዚያ ወገብ። ዘሀራ ቀን ይታገሡና ሲመሽ ትራሳቸውን ይነክሳሉ። እንደሻው የሰጣቸው ቀላል ማስታገሻ ከራስ ምታት አያልፍም። የሞቀ ጨርቅ ተደረገ፤ ለይላ እግራቸውን ስታሸው ታድራለች።

«ወንድሜ፣ አልቻልኩም» አለችው በሩ ላይ። «ሌላ ነገር ስጣት። ሐኪም አይደለህም?»

«የምሰጣት ሌላ ነገር ሁሉ የዚያው ዘመድ ነው።»

የዘይት ናሙና ሊሰበስብበት ያመጣው ትልቅ ጠርሙስ አሁን ለሌላ ሥራ ውሏል። ለይላ የእናቷን ሽንት እዚያ ታጠራቅማለች፤ እንደሻው የደረሰበት ላይ ክር ያስራል። መጀመሪያ የጠርሙሱን ሥር ብቻ የሸፈነ፣ እንደ ሻይ የጠቆረ ነበር። ከዚያ ክሩ በትንሹ ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ሄደ። የዘሀራ ፊት እብጠት ቀነሰ። አንድ ጠዋት ገና ከበሩ ሲገባ ሲያቃስቱ ሰማና ሳያውቀው ፈገግ አለ።

«ሳቅ!» አሉት። «ሳቅ እንጂ፣ አንተ ጨካኝ። ጉልበቴን ቢላ እየቆረጠው ነው።»

«በጣም ያማል?»

«በጣም።»

«እሰየው።»

ትራስ ወረወሩበት። ከዚያ ወደ ጓሮ ለመሄድ ተነሡ፤ ግድግዳውን እየተደገፉ ደርሰው ሲመለሱ ቀኝ መዳፋቸው ኖራ ለብሶ ነበር። እንደሻው ጥጥ አርሶ ጠረገላቸው።

በዚያው ዕለት የቁስለኛ መኪናዎች ገቡ። እንደሻው ከሆስፒታሉ ሳይወጣ አደረ፤ በማግሥቱም እስከ ቀትር ድረስ ዕረፍት አልነበረውም። እጁን ታጥቦ ሲወጣ ሰገነት ስለ እናቱ ጠየቀችው፤ ዘሀራን ማለቷ ነው። «እያመማት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላት። ሰገነት መልሱን ለምዳዋለች።

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች ሲወርድ የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ረዥም የዘይት ሰልፍ አየ። ለይላ ቆርቆሮዋን ይዛ ከመካከሉ ቆማለች።

«እማ ብቻዋን ናት?»

«የአፎቻ ሰዎች ሊጠይቋት መጥተዋል። ሐጃም አለች። እነሱን አምኜ ነው የወጣሁት።» ፊቱን አየችና «ምነው? ሐጃ እኮ ቃል ገብታልሃለች» አለችው።

መንገዱን ቀጠለ። ቀስ ብሎ ነበር የጀመረው፤ የዘሀራ በር ሲታየው ይሮጥ ነበር።

ሴቶቹ ሄደዋል። ግቢው ተጠርጓል፤ መደቡ ላይ የተቀመጡበት ምንጣፍ ገና አልተነሣም። በሽተኛ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ሳህን ላይ ተምር አለ፣ ሎሚ አለ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ስኳር አለ። ዘሀራ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አዲስ ሻሽ አስረዋል። እሱን ሲያዩ ደረጃውን ወርደው ግቢውን አቋርጠው መጡ።

«አየኸኝ?» አሉ። «ምንም አልያዝኩም። ምንም!»

«እማ፣ ሐጃ ሰጠችሽ?»

«ሐጃ? ወላሂ አልሰጠችኝም። እጇን ዘርግታ ዱዓ ብቻ አደረገችልኝ። ቃሏን የምትበላ ሴት አይደለችም።»

«ታዲያ ማን?»

ዘሀራ ዓይናቸውን ወደ ሳህኖቹ መለሱ። «እህቶቼ ናቸው፣ ልጄ። ሐጃ ለሰላት ጓሮ ስትታጠብ ነው የሰጡኝ። ሳቃስት ሰሙኝ፤ ምን ያድርጉ? እያንዳንዷ ከሻሽዋ ጫፍ ድርሻዋን ፈታች። አንዷ ሰጥታ ሌላዋ ብትቀር ቅር ይላታል፤ የማንን ልመልስ? የሁሉንም ተቀበልኩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አንተ ስታይ ደስ ይልሃል ብዬ ነው። ስቃዬን እያየህ ስትመላለስ ከሳህ እኮ።»

እንደሻው ወደ ቤት ገብቶ ጠርሙሱን አየ። ሽንቱ ትናንት ጠዋት ክር ካሰረበት ቦታ ከፍ ብሎ ነበር። ሴቶቹ ዛሬ ከመምጣታቸው በፊት የተጠራቀመ መሆኑን ያውቃል። ስንቱን ዋጥሽ ብሎ ሊጠይቅ ነበር፤ በመደቡ ላይ ጉልበት አጥፈው የተቀመጡትን ሴቶች ቦታ በዓይኑ ቆጠረና አልጠየቀም።

ወደ ግቢው ሲመለስ ለይላ ዘይቷን ይዛ ከበሩ ገባች። እናቷን ያለ ምርኩዝ ቆመው ስታይ ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አልሐምዱሊላህ! እማ ተነሣች! እንደሻው፣ ተነሣች እኮ!»

እንደሻው ዘሀራን ቀኝ እጃቸውን ያዘና ወደ ብርሃኑ ገለበጠው።

«ምን ትፈልግበታለህ?» አሉ እየሳቁ። «ንጹሕ ነው።»